የሒዛም ዱካ እንደ ሰው ሁሉ ሆነ

ፈይሐን መጀመሪያ ያነሳው የወረቀት ፕላስተሩን ነው። ከፒክአፑ የፊት ጎማ በላይ ባለው ላሜራ ላይ ግማሽ ክብ አድርጎ ለጠፈው። ከዚያ አዲሱን ፓራፋንጎ፣ የጎማውን መከለያ፣ አምጥቶ ደገፈበት፤ ጥቁር፣ ሰፊ፣ ከፋይበር የተሠራ፣ በአንድ እጅ የሚነሳ። ዳር ዳሩን በእርሳስ ተከተለና መልሶ መሬት አስቀመጠው። ከእርሳሱ መስመር ሁለት ጣት ያህል ወደ ጎማው ወርዶ ሌላ መስመር ሳበ። የሚቆረጠው በዚህኛው ነው። በመጀመሪያው መስመር የቆረጠ ሰው ብሎን የሚያስርበት ላሜራ አይተርፈውም። ፈይሐን ይህን ስህተት ሙያ ትምህርት ቤት ሳለ አንዴ ሠርቶታል፤ አልደገመውም።

መነጽሩን አድርጎ ግራይንደሩን አስነሳ። ሲቆርጥ አይቸኩልም፤ ላሜራ ከጋለ ቀለሙ ያብጣል። የተቆረጠውን ጠርዝ በሞረድ አለሰለሰ፣ በጨርቅ ጠረገ፣ የዝገት መከላከያውን አንቲሩጂን ቀባ። እስኪደርቅ ወደ ኋላው ጎማ ዞረ። የኋላው ላሜራ ድርብ ነው፤ ሲቆረጥ ሁለቱ ንብርብሮች አፋቸውን ይከፍታሉ። አንዱን በሌላው ላይ በመዶሻ አጥፎ ነጥብ ነጥብ እያደረገ በየደው፣ ክፍተቱንም በማሸጊያ ሞላው። ይህን የዘለለ ሰው በዓመቱ መኪናው ከውስጥ በዝገት ተበልቶ ያገኘዋል።

ከዚያ ትራፓኖ። ቀዳዳ የሚጀመረው ከመሀል ነው፤ መሀሉ በብሎን ሲያዝ ግራና ቀኙ በራሱ ይተኛል። ከዳር የጀመረ መሀሉ ላይ ሆድ ያወጣበታል። በፋይበሩና በላሜራው መካከል የላስቲክ ማሸጊያውን አስገባ፣ ዳዶዎቹን በጣቱ አጠበቀ፣ በቁልፍ ትንሽ ብቻ ጨመረ።

“ፋይበር ጉልበት አይወድም” አለ። “ልመና ነው የሚወደው።”

“እኔም እየለመንኩህ ነው፤ ጨርስ” አለ ሒዛም።

ሒዛም ታናሽ ወንድሙ ነው፤ መኪናውም የእሱ ነው። በሩን ተደግፎ ተምር እየበላ ፍሬውን ወደ ውጭ ይተፋል። ግመሎቻቸው አጥር ጥሰው ወደ ደቡብ፣ ወደ ትልቁ በረሃ ገብተዋል። የከተማቸው የሱለይል ሰው ያንን በረሃ “አሸዋው” ብቻ ይለዋል፤ ሌላ አሸዋ የሌለ ይመስል።

“ሙሽራ አታደርጋት እኮ፤ ግመል ፍለጋ ነው የምሄድባት።”

“ሙሽራ ብትሆንማ ላንተ ማን ይሰጥሃል? መሪውን እስከ መጨረሻው አዙርልኝ። ወደ ግራ። ግራ! ግራህን የት ጥለኸው ነው?”

ጎማው ከምንም ጋር አልታሸም። ፈይሐን አንዱን ጎማ ጣውላ ላይ አስወጥቶ ደግሞ አየው፤ አሁንም አልነካም። ሥራው አለቀ።

ሰፊ ፓራፋንጎ ያስፈለገው ጎማው ስለሰፋ ነው። ሒዛም ለዓመታት የነዳው ከአባቱ በወረሰው ቀጭን የጭነት ጎማ ነበር፤ ለስላሳ አሸዋ ላይ እንደ ቢላ ይሰምጣል። ባለፈው ክረምት ዳገት ላይ ሲቀበር ልጆች ከበው ሳቁበት። “አያትህ ሲያረጁ ጋሪያቸውን አወረሱህ?” አሉት። ስለዚህ ሰፊ ጎማ ገዛ። ሰፊ ጎማ ከቦዲው ወጥቶ ይታያል፤ የመኪና ምርመራ አያሳልፍም፣ ጠጠርም ይረጫል። እንዲህ ሆኖ ነው ሥራው ወደ ፈይሐን የመጣው። በዚያ ዓመት የከተማው ግማሽ መኪና ለዚሁ ሥራ እሱ ጋ መጥቷል፤ ያው ጎማ፣ ያው ፓራፋንጎ፣ ያው ልክ።

አንድ ነገር ግን ቀርቶ ነበር። በዚያ ሰፈር ጎማ የቀየረ ሰው ወደ አሸዋው ከመውረዱ በፊት በሽማግሌው በአቡ ሻፊ ግቢ በኩል ያልፋል። ከግቢው ፊት ለስላሳ አሸዋ አለ። እዚያ ላይ አንዴ ወዲያ፣ አንዴ ወዲህ ይነዳል። አቡ ሻፊ ቁጢጥ ብለው ዱካውን ያዩታል፤ የትኛው የጎማ ጥርስ እንደተሸረፈ፣ የትኛው ጎማ ወደ ውስጥ እንደሚያዘነብል። ከዚያ “አየሁህ” ይላሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያ ሰው አሸዋው ላይ ስም አለው። ሕግ አይደለም፤ ማንም አስገድዶ አያውቅም፤ ማንም ግን አይተወውም። የሒዛምን ቀጭን ጎማ የሰፈሩ ሕፃን ሁሉ ያውቀው ነበር።

“በአቡ ሻፊ በኩል እለፍ” አለ ፈይሐን፣ እጁን በቤንዚን ጨርቅ እየጠረገ።

“ተቀምጠው ወሬ ይጀምሩልኛል። ነፋስ ከተነሳ የግመሎቹ ዱካ ይጠፋል። ስመለስ።”

ፈይሐን አልገፋበትም። የጎማውን ስፋት ያውቃል፣ በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያለውን ርቀት በሜትር ለክቶታል። ልኩ እጄ ላይ ካለ ምን ይጠፋል ብሎ አሰበ። የጋራዡ ወለል ሲሚንቶ ነው፣ መንገዱ አስፋልት። ሒዛም እጁን በመስኮት አውጥቶ እያውለበለበ ሄደ። አዲሱ ጎማ አሸዋ ላይ ምን እንደሚመስል ከከተማው ሰው ያየ አልነበረም።

ሒዛም በቀጠረው ቀን አልመጣም። ስልኩ ከመጨረሻው የኔትወርክ ማማ በኋላ ዝም ብሏል። በማግሥቱ አቡ ሻፊ ምርኩዛቸውን ይዘው ጋራዡ በር ላይ ቆሙ።

“ቀጭን ዱካ ፈልጌ አጣሁ” አሉ።

“ጎማ ቀይሯል፣ አጎቴ። ሰፊ ነው።”

“ለእኔ ሳያሳይ?”

“ቸኩሎ ነው። ግን ልኩን አውቀዋለሁ፤ ለክቼዋለሁ።”

“ልክ ሌላ፣ ፊት ሌላ። ፊቱን አይተኸዋል?”

“አላየሁም።”

“ግባ መኪና ውስጥ።”

የዕረፍት ሰሞን ነበር። ከሪያድና ከሌላም ቦታ ወጣቶች ድንኳን ጭነው መጥተዋል፣ የከተማውም ልጆች ወጥተዋል። አሸዋው የገበያ ማግስት ሜዳ መስሎ ተረግጧል። ሁሉም ሰፊ ጎማ ነው። ፈይሐን ከመኪና እየወረደ ሜትሩን ዱካው ላይ ይዘረጋል። ልኩ ልክ ነው። ትንሽ ሄዶ ሌላ ዱካ ይለካል፤ እሱም ልክ ነው። ሦስተኛውም። እዚያ መሀል የድሮው ቀጭን ጎማ ቢኖር፣ ከጨፋሪ መሀል እንዳለ አንካሳ ከሩቅ በታየ ነበር።

በመጨረሻ አቡ ሻፊ አንዱን መረጡ፤ ወደ ደቡብ የሚሄድ፣ ብቻውን የሆነ። ተከተሉት። ኮረብታ ወጥተው ወረዱ፣ ጠንካራ መሬት ላይ ጠፍቶባቸው እንደገና አገኙት። የፈይሐን ልብ ከፍ አለ። መዞሪያው ላይ ሒዛም እንደሚያደርገው ሰፋ አድርጎ የዞረ መሰለው። “እሱ ነው፣ አጎቴ፤ ወላሂ እሱ ነው” አለ። ቀኑን ሙሉ ሄዱ። ከአንድ ጉብታ ጀርባ ጭስ ታየ፤ ፈይሐን መኪናው ሳይቆም በሩን ከፈተ።

ወጣቶች ናቸው። ከብሳ፣ ሩዝ በሥጋ፣ ጥደው ይሳሳቃሉ። አንደኛው አወቀው።

“ኡስታ ፈይሐን! ፓራፋንጎውን ልታጠብቅልን እዚህ ድረስ መጣህ? ይሄ ነው አገልግሎት!”

“አልላላም እኮ፣ ኡስታ!” አለ ሌላው። “ሆዳችን ነው የላላው፤ ቁጭ በል፣ ብላ!”

ፈይሐን መኪናውን አየ። ጥቁር ፓራፋንጎ፣ ከመሀል የተጀመሩ ቀዳዳዎች፣ ሳይበዛባቸው የጠበቁ ብሎኖች። ባለፈው ወር በገዛ እጁ የሠራው። አሸዋው ላይ ቁጭ አለ።

አቡ ሻፊ መጥተው አጠገቡ ቆሙ።

“ያንተ ሥራ ነው?”

“የእኔ ነው።”

“ጥሩ ሥራ ነው” አሉ።

ወጣቶቹ ነገሩን ሲሰሙ ሳቁ ጠፋ፤ ድስቱን ከእሳት አውርደው ለፍለጋ ተነሱ። የሰፈሩም ሰው፣ በጎ ፈቃደኛ ፈላጊዎችም ወጡ። ልባቸው ንጹሕ ነበር። ነገር ግን የአብዛኞቹ መኪና ያንኑ ሰፊ ጎማ ያደረገ ነው፤ በወጡ ቁጥር ዱካ በዱካ ላይ ተጨመረ። አቡ ሻፊ ጉብታ ላይ ቆመው ምርኩዛቸውን እያወዛወዙ “ቁሙ! አትርገጡ! ቁሙ እንጂ እናንተ!” ብለው ጮኹ። የሰማቸው የለም፤ የሰሙትም ቆመን ምን እናድርግ አሉ። ከዚያ የሰሜኑ ነፋስ ተነሳና የሁሉንም እኩል አጠፋው። ሄሊኮፕተር መጣ፣ ዞረ፣ ተመለሰ። ሰውም አንድ በአንድ ወደ ሥራው ገባ።

ግመሎቹ ራሳቸው መጡ። አንድ ጠዋት ገንዳው ዳር ተደርድረው ተገኙ፣ ከንፈራቸው ደርቆ። የፈይሐንና የሒዛም እናት ኡሙ ፈይሐን ውሃ ከፈተችላቸው። ትልቋን እንስት አንገቷን ይዛ፣ “አንቺ የት እንዳለ ታውቂያለሽ” አለቻት። “ትጠጪና ትነግሪኛለሽ። አይደል? ጠጪ።” ፈይሐን ከአጥሩ ጀርባ ሰምቶ ሳይገባ ተመለሰ።

እናቱ አንድም ቀን አልወቀሰችውም። ብትወቅሰው ምን ብሎ እንደሚመልስላት አዘጋጅቶ ነበር። ኢማሙ አስከሬኑ ባይገኝም የሙታን ጸሎት እንስገድለት ሲሉ እሷ እምቢ አለች። የሒዛም ሚስት ኑራ መበለት አይደለችም፣ ባለ ባልም አይደለችም። ቤቱ ሐዘን አልተቀመጠም፤ ከሐዘንም አልወጣም።

ፈይሐን ጋራዡን ዘግቶ ነበር፤ ቤት መዋል ግን ከሥራው የባሰ ሆነበት። መልሶ ሲከፍት አንድ ዘዴ አሰበ። ግመል ምልክት አላት፤ በጋለ ብረት የቤተሰቧ ምልክት ይተኮስባታል። ጎማስ ለምን አይኖረውም? ከጎማው ጠርዝ ጥርሶች አንዱን በቢላ ትንሽ ሸርፎ ለእያንዳንዱ መኪና የተለየ ምልክት ሊያደርግ ፈለገ። አየር የሚይዘውን ክፍል አይነካም፤ ለክቶ አይቶታል።

“አዲስ ጎማዬን ልትቆርጥ?” አለው የመጀመሪያው ደንበኛ። “አላህ ያስታግስህ ወንድሜ፤ ግን እኔ ግመል አይደለሁም።”

ሁለተኛው ቁልፉን ተቀብሎ ሄደ። ሌሎቹ የሚያዝኑለትን ያህል ራቁት። ቢላውን መሳቢያ ውስጥ ጣለው። አሁን እንደ ድሮው ይሠራል፤ ፕላስተር፣ እርሳስ፣ ግራይንደር፣ ትራፓኖ። አንድ መኪና በጨረሰ ቁጥር የሒዛምን ዱካ የሚመስል አንድ ተጨማሪ ዱካ አሸዋው ላይ እንደሚያወጣ ያውቃል። ሌላ ሙያ የለውም። አቡ ሻፊ ዓይናቸው ደክሟል፤ ከእንግዲህ ማንም በግቢያቸው በኩል አያልፍም።

ከሩቅ የመጣ ደንበኛ፣ ወይም ይህን የሚያነብ ማንም ሰው ወደ አሸዋው የሚወርድ ከሆነ፣ ፈይሐን የሚለምነው አንድ ነገር አለ። የሚለው እንዲህ ነው፦

“ነጭ ፒክአፕ ብታገኙ፣ የተጣለ መኪና ነው ብላችሁ ብሎን አትፍቱ። በፓራፋንጎው የወንድሜ መሆኑን አታውቁትም፤ እንደሱ ያለ ብዙ ሠርቻለሁ። ከሩቅ አቁሙና በእግራችሁ ቅረቡ፤ ዙሪያውን በመኪና አትርገጡ። የሚቀር ዱካ እንደሌለ አውቃለሁ፤ ቢሆንም አትርገጡ። ያላችሁበትን ቦታ መዝግቡና ደውሉልኝ፤ ሱለይል ገብታችሁ የቦዲ ሠራተኛው ፈይሐን ብትሉ ማንም ያገናኛችኋል። እኔ ከደረስኩ በኋላ መኪናውን ውሰዱት፣ ጎማውንም፣ ሁሉንም ውሰዱ፤ እኔው ራሴ እፈታላችኋለሁ። እስክመጣ ግን እባካችሁ ብቻውን አትተዉት፤ ከእሱ ጋር ቆዩልኝ።”