ለአበልጄ ያልጫንኩለት ፋይል

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ሚስቴ አታውቅም፤ ወንድሜ አያውቅም፤ የንስሐ አባቴም አያውቁም። አሁን ለእናንተ፣ ለማታውቁኝ ሰዎች፣ ልናገር ነው። ለማያውቁት ሰው መናገር ይቀላል መሰለኝ። ወይም ደግሞ ፈሪ ስለሆንኩ ነው። ሁለተኛው ሳይሆን አይቀርም።

ያደረግኩት ነገር ሲነገር ትንሽ ይመስላል። ሰው አልገደልኩም፣ የሰው ንብረት አልሰረቅኩም። አንድ ፋይል ሳልጭን ቀረሁ፤ በቃ ይኸው ነው። ፋይሉ ኪሴ ውስጥ እያለ ሳልጭነው ቀረሁ፣ በዚያ ምክንያት ገመቹ ከሥራው ወጣ። ገመቹ ደግሞ የልጄ የክርስትና አባት ነው። አበልጄ ነው።

ያኔ የገበሬውን የምርት መረጃ በሚሰበስብ አንድ ድርጅት፣ ሰበታ ባለው ቅርንጫፍ ቢሮ፣ የአይቲ ሠራተኛ ነበርኩ። ስሙ ትልቅ ይምሰል እንጂ የአይቲ ሠራተኛ ማለት ፕሪንተር ወረቀት ሲይዝ የሚጠራ ሰው ማለት ነው። ገመቹ የመረጃ ተንታኝ ነበር፣ በኮንትራት። እሱ ሲጠራኝ ለቁም ነገር ነበር፤ ስለዚህ ወደድኩት። ምሳ አብረን መብላት ጀመርን፣ ሚስቶቻችን ተዋወቁ፣ ናሆም ሲወለድ ክርስትና የሚያነሳው ማን ይሁን ተብሎ እንኳ አልተመከረም።

ቢሮው ይሠራበት የነበረው የስታትስቲክስ ፕሮግራም ፈቃዱ አለቀና የሚያድሰው ጠፋ። ገመቹ፣ አር የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም እንጠቀም አለ። አር ብቻውን ብዙ አይሠራም፤ ፓኬጅ የሚባሉ ተጨማሪ ክፍሎች ከኢንተርኔት እየወረዱ ይጫኑበታል። ሌላ ቦታ ቢሆን ሻይ እስኪፈላ የሚያልቅ ሥራ ነው። እኛ ቢሮ ግን ያልተቆለፈ ነገር አልነበረም። ዋናው መሥሪያ ቤት ቫይረስ ፈርቶ ፓኬጆቹ የሚወርዱበትን ድረ ገጽ ዘግቶታል። ቢወርዱም ችግሩ አያልቅም፤ ፕሮግራሙ ሊያስቀምጣቸው የሚፈልገው የሠራተኛው ዶክመንት ፎልደር ውስጥ ነው፣ የእኛ ዶክመንት ደግሞ ያለው ሰበታ ሳይሆን አዲስ አበባ፣ ሰርቨር ላይ። ኔትወርኩ መሃል ላይ ይቆረጥና ግማሹ ተጭኖ ግማሹ ይቀራል።

መላውን ያገኘሁት እኔ ነኝ። ይህን ስጽፍ አሁንም ደሜ ይፈላል፣ ታገሱኝ። በኮምፒውተሩ በራሱ ዲስክ ላይ አንድ ፎልደር ከፍቼ፣ ፕሮግራሙ ፓኬጆቹን እዚያ እንዲያስቀምጥ፣ ሲፈልጋቸውም እዚያው እንዲፈልግ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቡራዩ ወንድሜ ቤት እየሄድኩ፣ በእሱ ዋይፋይ ፋይሎቹን እያወረድኩ በፍላሽ ያመጣሁት እኔ ነኝ። የወንድሜ ሚስት፣ «የመጣኸው እኛን ልትጠይቅ ነው ወይስ ዋይፋዩን?» ትለኝ ነበር። አንዱ ፓኬጅ ሌላው ካልመጣልኝ አልሠራም ይላል፤ ያንን ስታመጣለት ያኛውም ሌላ ይጠራል። ዘመዶቼ ካልተጠሩ ሰርጉ ላይ አልገኝም እንደሚል ሰው ናቸው። እኔ ግን ሳልሰለች ዘመዶቻቸውን ሁሉ አንድ በአንድ ሰበሰብኩ።

አንድ ሰኞ የሰበታ ዙሪያ የስንዴ ምርት በካርታ ላይ በቀለም ተሠርቶ ስክሪኑ ላይ ወጣ። ገመቹ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ አየው፣ ከዚያ እኔን አየኝ። «አበልጄ፣ አንተ ባትኖር ምን እሆን ነበር?» አለኝ። ለእኔ ያ በቂ ነበር። ደመወዝ ጭማሪ አልጠየቅኩም፣ የምስክር ወረቀት አልጠየቅኩም።

ከዚያ አዲስ አበባ ስብሰባ ተጠራ። ሌሎቹም ቅርንጫፎች በዚሁ ችግር ታንቀው ስለነበር የሰበታው ልምድ ይቅረብ ተባለ። አቅራቢው ገመቹ ነው። አብረን በአንድ መኪና ሄድን፣ እኔ ከኋላ ተቀመጥኩ። ፎልደሩን አሳየ፣ የፍላሹን ነገር አሳየ፣ ዘመድ አዝማዱን እንዴት መሰብሰብ እንደሚቻል አሳየ። የእኔን ቃል ነበር የሚጠቀመው። «በራሴ ጥረት የደረስኩበት ነው» አለ። ከተሰብሳቢው አንዱ፣ አይቲዎቻችሁ አላገዟችሁም ወይ ብሎ ጠየቀው። ገመቹ ሳቀና፣ «አይቲዎቹማ የፓስወርድ ዘበኞች ናቸው» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቅሁ። የፓስወርድ ዘበኛው፣ አበልጁ፣ የኋላው ወንበር ላይ ተቀምጦ ከሰው ጋር አብሮ ሳቀ።

ስንመለስ በመኪናው ውስጥ አንድ ቃል ይናገራል ብዬ ጠበቅኩ። አየር ጤና ደረስን፣ ስለ መንገዱ መዘጋጋት አወራ። ዓለም ገና ሳንደርስ፣ ፉሪ ላይ፣ ወደ ተከራያት ቤቱ ሊሄድ ወረደ። «ደህና ዋል አበልጄ፣ ናሆምን ሳምልኝ» አለኝ። ናሆምን ሳምልኝ። ከዚያ ሁሉ በኋላ የምወስድለት መልእክት ይኼ ሆነ።

ክዳት ነው ያልኩት ያኔ ነው። አሁንም ክዳት ነው እላለሁ። ጠላት ቢያደርገው እስቅበት ነበር። ልጄን ያቀፈ ሰው ስሜን ሰው ፊት ሲዘለው ግን ምን ይባላል? ለምን በግልጽ አልተናገርኩትም? ለምን መኪናው ውስጥ፣ «ሰውዬ፣ ምን ማለትህ ነው?» አላልኩትም? ኩራት ያዘኝ። እሱ ያንሳው ብዬ ጠበቅኩ፣ እሱ አላነሳውም፣ እኔም ቂሜን እያበላሁ አሳደግኩት። ፊቴ ግን አልተለወጠም። ምሳ አብረን መብላታችንን ቀጠልን።

ቆየት ብሎ የገመቹ ኮንትራት ሊያልቅ ሆነ፣ ቦታውም ቋሚ ሊደረግ ተወሰነ። ከዋናው መሥሪያ ቤት ሰዎች መጥተው ሥራውን በዓይናቸው አይተው፣ ካሳመናቸው ቋሚ ይሆናል፤ ካላሳመናቸው ኮንትራቱ ሲያበቃ ይሰናበታል። ለገመቹ ይህ ማለት ሚስቱን ይዞ እዚሁ መኖር ወይም እንጀራ ፍለጋ መንከራተት ማለት ነበር። እንዳጋጣሚ በዚያው ሰሞን ኮምፒውተሮቹ በአዲስ ተቀየሩ። አሮጌዎቹ ፎልደሬን እንደያዙ ተጭነው ሄዱ። አዲሶቹ ላይ ፍላሽ እንኳ ያለእኔ ፓስወርድ አይሠራም።

ገመቹ መጣና፣ «ያንን ፎልደርህን መልስልኝ እስቲ» አለኝ። ፎልደርህን ነው ያለው። ለብቻችን ስንሆን የእኔ ነው፣ ሰው ፊት ሲሆን የእሱ። «ችግር የለም» አልኩት።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቢሮ ገባሁ። በፍላሽ የሚጫን ፓኬጅ ዘመዱ ይኑር ይጉደል አይጠይቅም፤ ዝም ብሎ ይጫንና በደህና ተጫንኩ ብሎ ይጽፋል። ጉድለቱ የሚታወቀው ለሥራ ሲጠራ ነው። ይህን በዚያ ቢሮ ውስጥ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ሁሉንም አንድ በአንድ ጫንኩ። አንዱን ተውኩ። ካርታው ያለ እሱ የማይነሳውን፣ ስሙ እንኳ የማይታወስ ትንሽ ፋይል፣ እያየሁት ተውኩት። ረስቼው ነው ልበል? እጄ ማውሱ ላይ ሆኖ ቆም ያልኩበትን ያንን ቅጽበት እንዴት ረሳሁ እላለሁ? ከዚያ ደግሞ ሞከርኩት። ቀዩ ጽሑፍ መጣ፣ እንዲህ የሚባል ፓኬጅ የለም ይላል። አየሁት። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ ቤቴ ሄድኩ፣ ምሳዬን በላሁ። ምሳው ጣፈጠኝ፤ ይህንንም ልናገር።

ሰኞ ጠዋት ገመቹ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ በር ላይ አገኘኝ። እንግዶቹን ሊቀበል እየሮጠ ነበር።

«ሞክረኸዋል አይደል?»

«ሞክሬዋለሁ» አልኩት።

እሱ ራሱ ለምን አልሞከረውም? ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ ለመጽናኛ አነሳዋለሁ፤ ጥፋቱን ትንሽ ወደ እሱ ልገፋ። መልሱን ግን አውቀዋለሁ። አልሞከረውም፣ ምክንያቱም የጫንኩለት እኔ ነኝ።

ከእንግዶቹ አንዱ ሽማግሌ ነበሩ፣ አንዷ ወጣት ሴት። ፕሮጀክተሩን እንዳስተካክል ስለተጠራሁ በሩ አጠገብ ቆሜያለሁ። ገመቹ ትእዛዙን ጻፈ። ቀዩ ጽሑፍ መጣ፣ ግድግዳው ላይ፣ ትልቅ ሆኖ። የፊደል ስህተት መስሎት ደግሞ ጻፈው። ያው ሆነ። ከዚያ ዞረና አየኝ። የተጠራጠረ ሰው አስተያየት አልነበረም። አድነኝ የሚል ነበር።

«ሳሚ፣ ምንድነው የጎደለው?»

ፍላሹ ቀኝ ኪሴ ውስጥ ነበር። እጄም ኪሴ ውስጥ ነበር። ልነግራችሁ የፈለግኩት ይህንን ነው፤ ሌላው ሁሉ ለዚህ መግቢያ ነው። ከኪሴ አውጥቼ ሁለት እርምጃ ብራመድ ያልቅ ነበር። ይቅርታ ትናንት ዘልዬው ነው ብል ማንም አይቆጣኝም ነበር። የእሑዱን በደል ሰኞ ላይ መመለስ እችል ነበር፣ እሱ እያየኝ፣ እየጠበቀኝ። «እንጃ» አልኩ። «ከኢንተርኔት ካልወረደ አይሆንም፤ ኢንተርኔቱ ደግሞ ከላይ ዝግ ነው።»

ወጣቷ ሌላ ቀን ብናየውስ አለች። ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ ሰው የሚሠራበትን መሣሪያ ሳያዘጋጅ እንግዳ አይጠራም» አሉት። ገመቹ፣ «ልክ ነዎት» አላቸው። እኔን አልጠቀሰም። ጫኚው እሱ ነው ብሎ ጣቱን ቢቀስርብኝ እኮ ይገባው ነበር። አልቀሰረም። ስሜን ለምስጋና የዘለለው ሰው ለወቀሳም ዘለለኝ፤ ያኔም ይህ አላራራኝም። እፎይ ነው ያልኩት።

ኮንትራቱ አልታደሰም። ቦታው ላይ ሌላ ሰው ተቀጠረ፣ ጎበዝ ልጅ ነው፣ ስለዚህ ጉዳይ ምንም አያውቅም። ገመቹ የፉሪውን ቤት ለቀቀ፤ ሚስቱን ሆለታ እናቷ ዘንድ አስቀምጦ ሥራ ፍለጋ ሄደ። ዕቃውን ስንጭን አብሬ አልጋውን ተሸከምኩ። «አንተ ምን ታደርግ፣ የሆነው ሆነ፤ አትዘን አበልጄ» እያለ ያጽናናኝ ነበር። ተጽናናሁ። የሚገርመው ይህ ነው፤ በእውነት ተጽናናሁ። ጭነቱ ሲሄድ የረካሁ መስሎኝ ነበር፣ ግን ወደ ቤት ስገባ ያ የአዳራሹ ሳቅ እንዳለ ነው። በቀሉን ወስጄም ክዳቱ አልወጣልኝም። እንዲያውም አሁን ሁለት ሆነ።

ብዙ ቆይቶ ሱሉልታ አንድ የግል ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ማስተማር ጀመረ። ሚስቱንም ወሰደ። በዓል ሲሆን እየመጣ ናሆምን ያያል። ባለፈው የፍልሰታ ጾም ግን በዓል ሳይሆን መጣ፣ ብቻውን። ሚስቴ ወንበር ሰጠችው፤ አልተቀመጠም።

ሊቆርብ ፈልጎ ንስሐ ገብቷል። የእኔም የእሱም የንስሐ አባት አንድ ናቸው። የነገራቸውን ሰምተው፣ «መጀመሪያ ሂድና ከወንድምህ ታረቅ» ብለውታል። ለእኔ ቢሆን የሚሉኝ ይኸው መሆኑን ስለማውቅ ነው እስከ ዛሬ እሳቸው ዘንድ አፌን ያልከፈትኩት።

«ያኔ አዳራሹ ውስጥ ስምህን ዘለልኩት» አለኝ ገመቹ። «ሥራው ያንተ ነበር። ቋሚ እንዲያደርጉኝ ብዬ ነው። መኪናው ውስጥ ልነግርህ ነበር፣ አፈርኩ። እግዚአብሔር ግን ዝም አላለኝም። እንግዶቹ የመጡ ዕለት፣ ያ ፓኬጅ እምቢ ያለኝ በሌላ አይደለም፤ በዚህ በደሌ ነው። በሠረቅኩት ነገር ቀጣኝ።»

ከዚያ ቋንቋውን ቀይሮ፣ «ዺፈማ፣ አበልጄ» አለ፤ ይቅርታ ማለቱ ነው። ሆዱ ሲባባ ኦሮምኛ ነው የሚቀናው። ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ።

ስንት ዓመት የጠበቅኩት ቃል ነበር። ሥራው ያንተ ነበር። ያንን ቃል መኪናው ውስጥ ቢሰጠኝ ኖሮ እያልኩ ስንት ጊዜ አስቤያለሁ። አሁን ሰጠኝ፣ እኔ ግን የምቀበልበት እጅ አልነበረኝም። መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። ተነስ፣ እግዚአብሔርን ተወው፣ ፋይሉን የደበቅኩት እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ።

«ይቅር ብዬሃለሁ» አልኩት።

አነሳሁት፣ አቀፍኩት። ሚስቴ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች፤ ምን ያለ ይቅር ባይ ባል አለኝ ብላ ይሆናል። ገመቹ ትከሻዬ ላይ አለቀሰ፣ ከዚያም አመሰገነኝ። እሱ ቆረበ። እኔ አልቆረብኩም፤ ሆዴን አሞኛል ብዬ ቀረሁ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ቀድሞ ከድቶኝ ነው ብላችሁም አትከራከሩልኝ፤ እሱ ክዳቱን ተሸክሞ ከሱሉልታ ድረስ መጥቶ አራግፎታል። የእኔ እዚሁ አለ። ዛሬም ሰውየው እግዚአብሔር እንደቀጣው አምኖ ይኖራል። እግዚአብሔር አልቀጣውም። እኔ ነኝ።