በሰኔ ሚካኤል የተሸከምነው ጣራ

ባለፈው ሳምንት ደጄ ላይ ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል ተተክሎ አገኘሁ። መንገዱ ሊሰፋ ነው አሉ። ጎንበስ ብዬ ነካሁት፤ ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበርና መዳፌን አቀላው። ሽታው አፍንጫዬ ሲገባ የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ሆንኩ።

ያኔ ፍኖተ ሰላም እንዲህ አልነበረችም። በአውራ ጎዳናው ግራና ቀኝ ጥቂት የቆርቆሮ ቤት፣ ከዚያ ጀርባ የእኛ የሣር ጎጆ ነበር። ከተማውን የቀየሰው እግር ነው። ውሃ የሚወርደው በወረደበት፣ ቤተ ክርስቲያን የሚስመው በወጣበት መንገድ ሆነ። ደጃችን ፊት ለፊት ነበር፤ እሳት የጠፋበት ሰው በሩ ላይ ቆሞ ይጣራል እንጂ አጥር አይዞርም። ዛሬ ቤቱ ሁሉ ፊቱን ለመንገድ ሰጥቷል፤ ለጎረቤት የተረፈው ጀርባው ነው።

በሚያዝያ ከማዘጋጃ ቤት አንድ ወጣት ቀያሽ መጣ። ገመድ ወጠረ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አነጣጠረ፣ ከዚያ ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል ከደጃፌ ሥር መታ።

«ቤትህ መንገድ ላይ ነው» አለኝ።

«መንገዱ ነው ቤቴ ላይ የመጣው። እኔ ቀድሜዋለሁ» አልኩት።

አልሳቀም። ስድሳ እርምጃ ያህል ወደ ታች ወርዶ ምትክ ቦታ አሳየኝና፣ ሰኔ ሚካኤል ካለፈ መጥተን እናፈርሰዋለን ብሎ ሄደ።

ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ነበር። «ዝናብ ሳይገባ እንሂድ» ትለኛለች፤ እኔ እምቢ። ሚያዝያ በእምቢታ አለፈ። ግንቦትም ሊያልቅ ሆነ። አንድ ቀን በቡሬ በኩል ሰማዩ ጠቁሮ፣ ነፋሱ የራሰ አፈር ሽታ ይዞ ሲመጣ ቀና ብዬ ጣራዬን አየሁ። የሣር ጣራ ከፈረሰ ሣሩ ይሰባበራል፤ ተመልሶ አይከደንም። አዲስ ሰንበሌጥ የሚታጨደው ደግሞ ኅዳር ነው። ክረምቱን ሙሉ እርጉዝ ሴት ይዤ የት ልገባ ነው?

ጎረቤታችን የነበሩት ቄስ ሰምተው መጡ።

«ይህን ግትርነትህን ለበሬህ ብትሰጠው ድንጋይ ያርስልህ ነበር» አሉኝ። «በል፣ ግድግዳውን በምትኩ ቦታ ላይ አቁም። ጣራውን አናፈርሰውም፤ እንዳለ እንሸከመዋለን።»

በማንኩሳ በኩል፣ በገጠሩ፣ ይህ የታወቀ ነው። ችግሩ ሰው ነበር። ሰኔ ሲገባ ወንዱ ሁሉ እርሻ ላይ ነው፤ እጁ የሚፈታው በበዓል ቀን ብቻ ነው። ያ ማለት ራሱ ሰኔ ሚካኤል።

«አባ፣ በበዓል ሥራ?» አላቸው አንዱ።

ቄሱ ጢማቸውን ይዘው አሰቡ። «ማረስ ሥራ ነው። መቁረጥ ሥራ ነው። ሰውን ከዝናብ ማውጣት ግን ሥራ አይባልም።»

ሙስሊሙ ጨርቅ ነጋዴ፣ በር ለበር የምንተያየው፣ ሽርጡን አጥብቆ መጣ። «ከከበዳችሁ ኃጢአቱን በእኔ አድርጉት፤ እኔ በዓል የለብኝም» አለ።

አዲሱን ግድግዳ ጨረስኩ፤ የድሮውንም በዋዜማው አፍርሼ ጣራውን በባላ ብቻ አቆምኩት። በዕለቱ ከቅዳሴ መልስ አርባ ያህል ሰው ሆነን ከጣራው ሥር ገባን፤ በትከሻችን አነሳነው። ውስጡ ጨለማ ነው፣ የጥላሸትና የአሮጌ ሣር ሽታ። የሚታየኝ ከፊቴ ያለው ሰው ተረከዝ ብቻ ነው። ቄሱ ውጭ ሆነው ይመሩናል።

«ወደ ቀኝ!»

«አባ፣ በእርስዎ ቀኝ ነው በእኛ ቀኝ?» አለ ነጋዴው ከውስጥ።

«በጣራው ቀኝ!»

«ጣራው ክብ ነው እኮ! ቀኝ ከየት ያመጣል?»

ሳቁ ጉልበታችንን ጨረሰው። መንገዱን ሳናጋምስ ዝናቡ ወረደ። ሣር ውሃ ሲጠጣ እንዴት እንደሚከብድ የተሸከመ ነው የሚያውቀው። ጭቃው እግራችንን ያዘ፣ ትከሻችን ጎበጠ፣ በየጠርዙ ድንጋይ አስደግፈን አወረድነውና ሥሩ ተኮራመትን። በክፈፉ አሾልኬ ባይ ቀይ ችካል። ቤቴን አንስቼ የአዲሱ መንገድ መሐል ላይ አስቀምጬዋለሁ።

ይባስ ብሎ ቀያሹ ራሱ፣ ካርታውን በኮቱ ሸፍኖ፣ እየሮጠ መጣ።

«ይህ ምንድን ነው? መንገዱ ላይ?»

«ግባ እንጂ ወንድሜ» አለው ነጋዴው፤ «በገዛ መንገድህ ምን ያሳፍርሃል? እንግዶቹ እኛ ነን።»

ገባ። ከመካከላችን ቁጢጥ አለ፤ ከባርኔጣው ውሃ ይንጠባጠባል። «ለምን ይህን ሁሉ መከራ ታያላችሁ? አፍርሳችሁ አዲስ አትሠሩም?» አለ።

አርባው ሰው ባንዴ ሳቀ። ቄሱ ግን አልሳቁም። «ልጄ፣ የምትለው ሣር ገና አልበቀለም። የሚታጨደው ኅዳር ነው። ዛሬ የፈረሰ ጎጆ አምስት ወር ሰማይ ነው ጣራው።»

ፊቱ ተለወጠ። «ይህን የነገረኝ የለም።»

«አንተስ መቼ ጠየቅህ?» አልኩት እኔ።

ችካሉ ያረፈበት ከእኔ ሌላ አራት ቤት ነበር። ካርታውን ከኮቱ ሥር አውጥቶ አየና፣ «እነሱ እስከ ኅዳር ይቆዩ። ለአለቆቼ እኔ እነግራለሁ» አለ። ዝናቡ ሲያባራ ጫማውን አወለቀ፣ ሱሪውን ሰበሰበ፣ ከአጠገቤ ትከሻውን አስገባ። ረጅም ስለነበር በእሱ በኩል ጣራው እየተነሳ ሣሩ የጠጣው ውሃ እኔ ላይ ይፈስ ነበር፤ አልተናገርኩም። ደግ ሠሪን አይነቅፉም።

ግድግዳው ላይ ስናሳርፈው በአንድ ወገን ክንድ ያህል ወጣ ብሎ ቀረ። ኋላ በቆርቆሮ እስኪተካ ድረስ እንደዚያው ኖረ። ገመድ አምጥቼ ላስር ስል ቄሱ እጄን ያዙኝ። «ማንሳቱን እንጂ ማሰሩን አልፈቀድኩም። ነገ።» ብለው ሕዝቡን አሰናበቱ።

ባለቤቴ ገባች። በባዶ እግሯ ወለሉን ዳር እስከ ዳር ረገጠችው፣ በተለይ ጥግ ጥጉን።

«አንተ፣ ደረቅ ነው እኮ!»

«አልታሰረም፤ ነፋስ ቢመጣ ይወስደዋል» አልኳት። ሦስት ሳምንት ግድግዳ ስመርግ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም ነበር፤ ቆሜ መወዛወዝ ጀምሬአለሁ።

መሐል ላይ ከቆመው ምሰሶ ሥር ተቀመጠች፤ ጀርባዋን አስደግፋ፣ አንድ እጇን ሆዷ ላይ፣ ሌላውን ምሰሶው ላይ አደረገች።

«እኔ ይዤዋለሁ» አለችኝ። «አንተ ተኛ።»

ተኛሁ። እንደዚያ ያለ እንቅልፍ ከዚያም በፊት ከዚያም ወዲህ አላገኘሁም።