ግራ ጆሮዬ ሲከፈት የሰማሁት

ዛሬ ከዱርቤቴ ለቅሶ ስንመለስ፣ ሚኒባስ ውስጥ ግራ ጆሮዬ ተከፈተልኝ! እልል ልል ትንሽ ነበር የቀረኝ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ጉንፋን ይዞኝ ሰነበተና አንድ ጧት ስነሣ በግራ በኩል ድምፅ የለም። ሐኪሙ «የጉንፋኑ ቫይረስ ያመጣው ሊሆን ይችላል፤ እንኳን ቶሎ መጡ» ብሎ መድኃኒት ሰጠኝ።

እጄን ይዛ የወሰደችኝ ጓደኛዬ አልማዝ ነበረች። ከዚያ ወዲህ «እኔ ልስማልሽ» እያለች በግራዬ ነው የምትቀመጠው።

ዛሬም እዚያው ሆና ለጎረቤታችን «በዚህ በኩል አትሰማም። ጆሮዋ ከሚዘጋ አፏ ቢዘጋ ምናለበት!» አለቻት። ተሳሳቁ።

እኔ ለፍላፊዋ እስከ ባሕር ዳር አንድ ቃል አልተነፈስሁም። ምኞቷ ተሳካላት።

ከጉንፋን በኋላ ጆሮው ድንገት የተዘጋበት ሰው ሳያድር ሐኪም ቤት ይሂድ። እናንተስ፣ ደርሶባችሁ ከዳናችሁ፣ መጀመሪያ የሰማችሁት ማንን ነበር?