ከዛፉ ሥር የቀበርኩት መጽሐፍ

ድሬዳዋ ላይ በረዶ ያወረደች አንዲት ሴት ብቻ ናት። ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ ሁለት ሰው ከገባበት ሦስተኛው ትንፋሹን ደጅ ትቶ የሚገባበት የመጻሕፍት ሱቅ ነበራት። አርመናዊት አሮጊት ናት፤ ከተማው ሁሉ «ማዳም» ይላታል። ገና ሲቃረብ ጥጥ ገዝታ መስኮቱ ላይ ትበትናለች። ጥጡ ሳይቀልጥ እኛ እንቀልጣለን።

የገና ዛፍ ደግሞ ከየት ይምጣ? ያለን ግራር ነው፤ ግራር ያቆመች ዓመት ደንበኞቿ እሾህ ሲነቅሉ ዋሉ። ከዚያ ወዲህ መጽሐፍ በመጽሐፍ ላይ እየደረደረች፣ ከታች ሰፊ ከላይ ሹል የሆነ፣ ጣሪያ የሚነካ ዛፍ መሥራት ጀመረች። ምድር ባቡር ጸሐፊ ሆኜ በተቀጠርኩበት ዓመት ደርዳሪው እኔ ነበርኩ።

በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ የምትማር የሰፈራችን ልጅ ለገና ዕረፍት መጣች። ልቤ ከእሷ ጋር በባቡር ሲመላለስ ዓመት አልፎታል፤ እሷ ግን አታውቅም። አንድ ልብ ወለድ ፈልጋ እንዳጣች ስትናገር ሰማሁና፣ «እሱማ እኔ ዘንድ አለ፤ ሳትሄጂ አመጣልሻለሁ» አልኳት።

እኔ ዘንድ አልነበረም። ማዳም ሱቅ ውስጥ ነበር፤ ያውም አንድ ብቻ። ደመወዝ እስክቀበል ሌላ ሰው እንዳይገዛብኝ፣ ዛፉን ስሠራ ከሁሉ በታች፣ ከወፋፍራም የሕግ መጻሕፍት ሥር ቀበርኩት። በብልሃቴ ተኩራርቼ ሳምንት ሙሉ ደረቴን ነፍቼ ሄድኩ።

የፈረንጆቹ ገና አለፈ፤ ደመወዝም ወጣ። ገሰገስኩ።

«ማዳም፣ ዛፉን አታፈርሺውም እንዴ?» እኛ ድሬዎች አንቱታን አናውቅም፤ ባቡሩ አዲስ አበባ ጥሎት መጥቷል።

«ለምን አፈርሳለሁ? የኔ ገና መች ደረሰ?»

የአርመኖቹ ገና የሚውለው በእኛ ዋዜማ ነው። «እሺ፣ ከታች አንድ መጽሐፍ ብቻ ልሳብ።»

«አንተ ነህ የደረደርከው። ከታች ሲሳብ ምን እንደሚሆን ከኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ።»

በእሷ ገና ዕለት ሱቁ ተዘጋ። በመስኮቱ ሳጮልቅ የመጽሐፌ ጀርባ ከጥጡ መሃል ያየኛል። ከሱቁ አጠገብ ጨርቅ የሚሸጠው ሶማሌ ይታዘበኛል።

«ወሪያ፣ ምን ጠፋብህ እዚያ ጥጥ ውስጥ?»

«መጽሐፍ።»

«ሌላ ግዛ አቦ።»

«ሌላ የለም።»

«እንግዲያው ሌላ ልጅ ፈልግ።» ስለ ልጅ ትንፍሽ አላልኩም ነበር።

በእኛ ገና ዕለት ማዳም ቤት ድረስ ሄድኩ። ኬክ ሰጠችኝ፤ ኬኩን እንኳ ከንዴት ጋር ነው የዋጥኩት። «ዛሬማ የናንተ በዓል ነው» አለች፤ «በበዓላችሁ ዛፍ ላፈርስባችሁ? ጠዋት ና።»

ልጅቷ የምትሳፈረውም ያን ጠዋት ነው። ማዳም ገና ሱቋን ሳትከፍት በሩ ላይ ቆምኩ። በሩን ከፍታ መሰላል ላይ ወጣች፤ ከጫፉ ጀምራ እያንዳንዱን መጽሐፍ በጨርቅ እየጠረገች፣ ጥጡን እየለቀመች፣ አንዳንዱን ገለጥ አድርጋ እያነበበች ታወርዳለች። «ላግዝሽ» ብል፣ «አንተ ቸኩለሃል፤ ትቀድዳለህ» አለችኝ። ኖኅ መርከቡን ሠርቶ ሲጨርስ እሷ ገና የዛፉ ወገብ ላይ ነበረች።

መጽሐፉ እጄ ሲገባ የባቡሩ ፊሽካ ተሰማ። ከተቀጠርኩ ጀምሮ በሰዓቱ ሲነሳ አይቼው የማላውቅ ባቡር፣ ያን ቀን በሰዓቱ ተነሣ። ጣቢያችን ለገሃር ስደርስ የመጨረሻው ፉርጎ ጀርባውን እያወዛወዘ ይርቃል። ላቤ በሽፋኑ ላይ ተንጠባጠበ፤ የተጣበቀበት ጥጥ እስከ ዛሬም አልለቀቀም።

በፋሲካ ስትመጣ ከጓደኛዋ ተውሳ አንብባው ኖሯል። «መጨረሻው አያሳዝንም?» አለችኝ።

«አላነበብኩትም።»

«ያንተ ሆኖ?»

በጥር ወር ታጭታ እንደነበር የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው። መጽሐፉን አሁንም አላነበብኩትም። መደርደሪያዬ ላይ ከሁሉ በላይ ነው የማስቀምጠው፤ እላዩ ላይ አንዲት ወረቀት እንኳ የሚያኖር ሰው ካየሁ እቆጣለሁ።