ከግድግዳው ወዲያ የተሰማ ቃል

ልብስ ሰፊዋ ከድሮም ተጠራጣሪ ናት። መንገድ ላይ ከኋላዋ ሰው ከሳቀ ቆም ብላ የቀሚሷን ጫፍ ትፈትሻለች። ደንበኛ «እጅሽ ይባረክ» ቢላት «ምኑ ጎደለ?» ትላለች። ባሏ ሞቶ ታናሽ ወንድሟ ቤት፣ በጓሮ በኩል ያለችው ክፍል ውስጥ ከነስፌት መኪናዋ ከገባች ወዲህ ደግሞ አመሏ ባሰባት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መርፌዋ ላይ ክር ልታስገባ መኪናዋን ስታቆም፣ ከስሱ የኮምፔርሳቶ ግድግዳ ወዲያ ሹክሹክታ ሰማች። የወንድሟ ሚስትና አንዲት ጎረቤት ናቸው።

«ቀስ በይ፣ ትሰማናለች። ጥገኛ ማለትስ?»

«በሌላው ላይ ተለጥፎ፣ ያንን እየጎዳ የሚኖር።»

«አስጠጊውስ?»

«ወዲያው አይሞትም። ቀስ በቀስ ግን ይመነምናል።»

ልብስ ሰፊዋ ክው አለች። ወንድሟ ሰሞኑን ከስቷል፤ የሱሪውን ወገብ ያጠበበችለት ራሷ ናት።

«ወራሪስ?»

«ከሌላ ቦታ መጥቶ የነባሩን ቦታ የሚቀማ።»

ከዚህ በላይ አልሰማችም። ጨርቄን ማቄን ሳትል ሻንጣዋን አውጥታ ልብሷን ትጠቀጥቅ ጀመር። ጎረቤቷ ከሄደች በኋላ የወንድሟ ሚስት ብቅ ብላ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች።

«እትዬ፣ ምን ሆንሽ? የት ልትሄጂ ነው?»

«ወንድሜን መጥምጬ ሳልጨርሰው ልውጣላችሁ ብዬ ነው።»

«ምን?»

«ጥገኛዋ እኔ አይደለሁ? ወራሪዋስ? ግድግዳው ኮምፔርሳቶ መሆኑን ረስታችሁታል!»

ሴትዮዋ አፏን ይዛ ቆየችና ሳቋን ለቀቀችው።

«ጭራሽ ትስቂያለሽ!»

ሚስትየው ሮጣ ከዱቄት በርሜሉ ጀርባ በጋዜጣ የተሸፈነ መጽሐፍ አመጣች። «የጎልማሶች ትምህርት ጀምሬ ነው። ስለ መሬትና ስለ ሥነ ምህዳር ነው የምንማረው፤ ነገ ፈተና ስላለብኝ ጎረቤታችን እየጠየቀችኝ ነበር።»

«ታዲያ ሹክሹክታው?»

«ወንድምሽ ከሰማ ‹በዚህ ዕድሜሽ ስለ መዥገር ልትማሪ ነው?› እያለ መሳቂያ ያደርገኛል። አንቺ ደግሞ እንዳትነግሪው ፈራሁ።»

ልብስ ሰፊዋ መነጽሯን አድርጋ በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ‹ጥገኛ› የሚለው ቃል እውነትም አለ። አጠገቡ ላም ጆሮ ላይ የተጣበቀ መዥገር ተስሏል። መልኩ እሷን ይመስል እንደሆነ የምታጣራ ይመስል መጽሐፉን ወደ መስኮቱ አዞረችው።

«ወንድሜስ ለምን ከሳ?»

«ሐኪም ቅባት ከልክሎት ነዋ! ሲያማርር አልሰማሽም?»

«እኔ እንድሰማ ብሎ የሚያማርር መስሎኝ ነበር።»

«በይ ተይው። ይልቅ ተቀመጪና ጠይቂኝ።»

ከሻንጣው አጠገብ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «የአፈር መሸርሸር?»

«ጎርፍና ነፋስ የላይኛውን ለም አፈር ጠርገው ሲወስዱት።»

ገጹን ገለጠች። በመነጽሯ አናት አሻግራ አየቻት።

«ፍልሰት?»

«እንስሳት ኑሮ ሲከብዳቸው ካሉበት ተነስተው ወደ ሌላ ቦታ መሄዳቸው።»

«ይህን እዚህ ያስገባችሁት እናንተ ናችሁ ወይስ መጽሐፉ?»

«መጽሐፉ! እምልልሻለሁ።»

«እሺ። ‹ወቅቱ ሲደርስ ይመለሳሉ› ይላል እኮ። መመለሳቸውን ለምን ዘለልሽው?»

«ረስቼው ነው፣ እትዬ!»

«ረስቼው ትላለች ደግሞ!» ሻንጣውን በእግሯ ወደ አልጋው ሥር ገፋ አድርጋ፣ ጥያቄውን ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረችላት።