ለብ ያለው ብልቃጥ

ወንድሜ ከሸዋ ሮቢት አጣዬ የሚመላለስ ሚኒባስ ሹፌር ነው። ለወገቡ ሕመም የጀመረው የትራማዶል ክኒን ሱስ ሆኖበት፣ አንድ ቀን መሪ እንደጨበጠ እንቅልፍ ጥሎት ከነተሳፋሪው ገደል ከመግባት ለጥቂት ተረፈ። ከዚያ ወዲህ ሕክምና ላይ ነው። በቀጠሮው ቀን ሽንቱ ከክኒኑ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ወደ ሥራው እንዲመለስ ይፈረምለታል፤ አብሬው ጤና ጣቢያ ሄድኩ።

«እታለም፣ ምነው እንደ ትራፊክ ፖሊስ አፈጠጥሽብኝ? ፊሽካ ብቻ ነው የቀረሽ» አለኝ፤ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ማታ ራት ላይ፣ ጉርሻው በእጁ እንዳለ ዓይኑ ሲከደን አይቻለሁ።

ሲስተሯ በቅርቡ ከደጋ ተዛውራ የመጣች ልጅ ናት። ከምርመራው በፊት፣ «ወንድሜ፣ ሰሞኑን ወስደሃል? እውነቱን ብትነግረኝ አላባርርህም፤ ሕክምናህን ነው የማስተካክለው» አለችው።

«ኧረ በእመብርሃን! ዞር ብዬም አላየሁት።»

ሽንት ቤት ገብቶ ወጣ። ብልቃጡን በጓንቷ ዳበሰችው። ውሃ የተጨመረበት ሽንት ስለሚቀዘቅዝ ሙቀቱን ማየቷ ነው። «ለብ ብሏል፤ ጥሩ» አለች።

እዚህ ቆላ፣ ቱቦው ፀሐይ ላይ ስለሚውል ቀትር ላይ ከቧንቧ የሚወርደው ውሃም ለብ ያለ ነው። የብልቃጡም ቀለም ገርጥቶ ታየኝ። ወንድሜ በዓይኑ ለመነኝ። ብናገር ሕክምናውን ጥሎ ይጠፋል፤ ዝም ብል ነገ ሰው አሳፍሮ መንገድ ይወጣል። እኔ ፊደል የቆጠርኩት እሱን ካሳደግኩ በኋላ፣ በማታ ትምህርት ነው፤ አንድ ቃል ከተጠራጠርኩ ሳላጣራ ገጽ አልገልጥም። ይህን እንዴት ልለፈው?

«ሲስተር» አልኩ። «እስቲ የቧንቧውን ውሃ ይንኩት።»

ሄዳ ከፈተችው፤ እጇን ከውሃው ሥር አድርጋ ቆየች። ስትመለስ ብልቃጡን አላነሳችም፤ ወንበሯን ወደ እሱ አስጠጋች።

«እንደገና ልጠይቅህ። ወስደሃል?»

ወንድሜ በሩን አየ። ተነሥቶ የሚሄድ መስሎኝ የነጠላዬን ጫፍ ጨበጥኩ።

«ማታ» አለ በመጨረሻ። «ዛሬም ጠዋት።»

«እሺ። መሪ አትይዝም። ሰኞ ና፤ መድኃኒትህን እናስተካክላለን።»

ወደ ቤት ስንሄድ ቀድሞኝ ይራመዳል። መናኸሪያው ጋ ረዳቶቹ «አጣዬ! አጣዬ!» እያሉ ይጣራሉ። ቆመ። እኔም ከኋላው ቆምኩ። የቤታችንን መንገድ እስኪይዝ ድረስ ትንፋሼን አልለቀቅኩም።