ያኮረፈ ጀግና

በረሃቡ ዘመን መካነ ሰላም ከተማ ታሪክ አስተምር ነበር። ከትምህርቶቹ አንዱ የጥንት ግሪኮች በረጃጅም ግጥሞቻቸው ስላወደሱት ጀግና ነው። ባሕርያቱን ሰሌዳው ላይ እጽፋለሁ፣ ተማሪዎቹ ይገለብጣሉ፦ ዘሩ ከአማልክት የሚመዘዝ፣ ክንዱ የበረታ፣ አንደበቱ የሰላ፣ ከዕድሜው ይልቅ ስሙን የሚወድ፣ ክብሩ ሲነካ የማይምር። የክፍሉ መስኮት ወደ ገበያው ነው። እህል አጥተው ከየቀያቸው የተሰደዱ ሰዎች ግንቡን ተደግፈው ተቀምጠው ይታዩኛል።

እነሱን ይመግብ የነበረው የስፖርት መምህራችን ነው። ረጅም፣ ድምፁ ከሜዳ ማዶ የሚሰማ፣ ሲስቅ ሰው ሁሉ አብሮት የሚስቅ ሰው ነበር። በርሜል አስቆርጦ ድስት አደረገው። እኔ ለምኜው አንድ ቁና የነፈገኝ ባለሱቅ እሱን ሲያይ ጆንያ ያወጣል። ንፍሮው ሲበስል ራሱ ይጨልፋል፤ መጀመሪያ ለሕፃናት፣ ከዚያ ለእናቶች።

አንድ ቀን ከደሴ አንድ ባለሥልጣን ለጉብኝት መጣ። ርእሰ መምህሩ ከረባቱን አስሮ በርሜሉ አጠገብ ቆመና፣ "ይህን ያቋቋምሁት እኔ ነኝ" አለ። በዚህም አልበቃው፤ እህሉ የሚቀመጥበትን ክፍል ቁልፍ ሁላችንም እያየን ከስፖርት መምህሩ እጅ ወስዶ ለጸሐፊው ሰጠ።

"አንተ ወደ ኳስህ!" አለው። ባለሥልጣኑ ሳቀ።

መምህሩ ጭልፋውን አስቀምጦ ወደ ቤቱ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ለማስተማር ይመጣል እንጂ ወደ በርሜሉ ዞር ብሎ አያይም። ቢቸግረኝ ቤቱ ሄድሁ። አልጋው ላይ ተጋድሞ ሬዲዮ ይሰማል።

"እባክህ ተነሥ። ነጋዴዎቹ አንተ ካልመጣህ አንሰጥም ብለዋል።"

"ቁልፉን የወሰደው ይለምናቸው።"

"የሚራበው እኮ እሱ አይደለም!"

"አንቺ ራስሽ አይደለሽ የምታስተምሪው? በክፍልሽ ደጅ ሳልፍ ሰምቻለሁ። ክብሩ የተነካ ጀግና ምን ያደርጋል? ቁጭ ይላል! ያኔ ዋጋው ይታወቃል።"

"እሱ ግጥም ነው! ግጥም ውስጥ የሞተ ሰው አይሸትም" አልሁት።

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። በማግሥቱ ክፍል ገብቼ፣ ግሪኮቹ ከጦርነቱ አኩርፎ የተቀመጠውን የጀግናቸውን ቁጣ ሲያወድሱ ስንት ወዳጅ እንዳስጨረሰም አብረው እንደተናገሩ ለተማሪዎቼ ነገርኋቸው። ለፈተና የሚመጣው ግን የባሕርያቱ ዝርዝር ብቻ ስለነበር ማንም አልጻፈውም።

ርእሰ መምህሩም ከእሱ አልተሻለም። "እኔ? የበታቼን ይቅርታ ልጠይቅ?" ብሎ ጮኸብኝ። በመጨረሻ አንድ ልጆችን ቁርአን የሚያስቀሩ ሼህና አንድ ቄስ ሽማግሌ ሆነው ገቡ።

"ልጆቼ፣ ስለ አላህ ብላችሁ አፉ ተባባሉ፣ ይቅር በሉ። ሰዉ እያለቀ ነው" አሉ ሼሁ።

ርእሰ መምህሩ ብዙ ተለምኖ ቁልፉን ለመመለስ ተስማማ፤ ይዞት የሄደው ግን ዘበኛው ነበር። የስፖርት መምህሩ፣ "ክብሬን በዘበኛ ነው የሚልክልኝ?" ብሎ መለሰው። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። እኔ ደጅ ቆሜ በንዴት አለቀስሁ።

ከሴት ተማሪዎቼ ጋር ጭልፋውን ያዝን። ልመናው ግን አልሆነልኝም፤ ንፍሮው ቀርቶ አጥሚት፣ አጥሚቱም ውሎ አድሮ ውኃ ሆነ። ልጅ ያዘለች አንዲት ሴት ጣሳዋን እየዘረጋች፣ "እመቤቴ፣ እኚያ ረጅሙ ጌታ አመማቸው እንዴ? ዱአ እናደርግላቸው ነበር" አለችኝ።

"አዎ፣ አመማቸው" አልኋት። ምን ልበላት? ኩርፊያ ነው ልበላት?

በርሜሉ ባዶ ሲቀር፣ እግሩ የጠናው እህል ፍለጋ የከላላን መንገድ ያዘ። ያልቻሉትን ቄሱና ሼሁ በየእምነታቸው ቀበሯቸው።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። ንጉሡ ወረዱ በተባለ ሰሞን የስፖርት መምህሩ ገበያ መካከል የጭነት መኪና ላይ ወጥቶ ስለ ተራበው ሕዝብ ተናገረ። እንዴት አድርጎ ተናገረ! ሰው አነባ። ትከሻቸው ላይ አውጥተው "ጀግና! ጀግና!" እያሉ ከተማውን አዞሩት። ውሸት ነው እንዳልል፣ መግቧቸው ነበር። እውነት ነው እንዳልል፣ መጨረሻውን አይቻለሁ።

ጥቂት ቆይቶ የትምህርት ቤቱ የውይይት ክበብ ሲከፈት ወደ አዳራሹ ገባሁ። ርእሰ መምህሩ ከረባቱን ጥሎ ካኪ ለብሷል፤ ከስፖርት መምህሩ ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ሲጋራ እየተቀባበሉ ይሳሳቃሉ።

"ታረቃችሁ?" አልኋቸው።

"መቼ ተጣልተን እናውቃለን?" አለ ርእሰ መምህሩ።

የስፖርት መምህሩ ቀና ብሎ አየኝ። "ተይው እባክሽ፤ አሮጌ ነገር ነው።"

ስብሰባው ሲጀመር ስለ ሕዝብ ፍቅር እንዲናገር በቅድሚያ የተጋበዘው እሱ ነበር። እኔም ከኋላ ተቀምጬ፣ ጥርሴን ነክሼ፣ እስኪጨርስ አዳመጥሁት።